ለመጀመሪያው ረጅም ትራያትሎን ልብን ማሰናዳት

እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከባዶ እግሩ ያላነሰ ትኩረት የሚገባው ሌላ ነገር ግን አለ። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት የሩጫውን መስመር እየተዘዋወሩ ሲያዩ፣ በወረራው ዘመን ከአገራችን የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ከመጨረሻው መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ አዩት፤ ቦታውንም በልባቸው ያዙት። በውድድሩ ምሽት አበበ ሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ከተፎካካሪው ተለየ። የት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነውን 40 ኪሎ ሜትር ሮጦ ከደከመ በኋላ አልፈለገም፤ ቀደም ብሎ ይዞት መጥቷል።

ይህን የማነሣው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትራያትሎን ለመወዳደር ለተመዘገበ ሰው፣ በተለይም አዲስ አበባ መካከል እየኖረ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ በምትገኘው ጊዜ ለሚለማመድ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው። ረጅሙ ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ ቀን የሚከናወኑበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨርሰዋል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው ጊዜ 17 ሰዓት ያህል ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውኃ ውስጥ የገባ ሰው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለው ማለት ነው። ሰውነትን ስለማዘጋጀት ብዙ የልምምድ መርሐ ግብር ይገኛል፤ እኔ የማተኩረው ልብን በማሰናዳቱ ላይ ነው። ምክሬም በመሠረቱ አንድ ነው፦ በዕለቱ የሚያስፈልግዎትን ውሳኔ ሁሉ ዛሬ፣ ቤትዎ ተቀምጠው፣ በጽሑፍ ይወስኑ፤ ከዚያም በልምምድ ቦታዎ ላይ ደጋግመው ይፈጽሙት። ዐሥር ሰዓት ሙሉ ሲደክም የዋለ ሰው አዲስ ነገር አመዛዝኖ ለመወሰን አቅም ያጥረዋል፤ የለመደውን ለመፈጸም ግን አያቅተውም።

ፍርሃቱን መመንዘር

“17 ሰዓት” የሚለው ቁጥር እንዳለ ሲታሰብ ሐሞት ያፈሳል። ስለዚህ አንድ ማስታወሻ ደብተር ይግዙና ቁጥሩን በራስዎ እጅ ይመንዝሩት። በተለመደው ደንብ ዋናው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ይህ 100 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እንደ መዋኘት ነው፤ በ25 ሜትር ገንዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 152 ጊዜ ይሆናል። ብስክሌቱ ከመነሻው ሰዓት ጀምሮ በ10 ሰዓት ተኩል ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል፤ ውኃው ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆዩና ልብስ ሲቀይሩ 10 ደቂቃ ቢወስድብዎት፣ ለ180ው ኪሎ ሜትር 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቀርዎታል፤ ይህም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለማራቶኑ ወደ 6 ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ጊዜ ይተርፋል፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ እየሄዱ፣ ሮጥ ራመድ እያሉ የሚደረስበት ነው። የጊዜ ገደቡ ከውድድር ውድድር ስለሚለያይ የተመዘገቡበትን ውድድር መመሪያ አንብበው ስሌቱን በዚያ ያስተካክሉ።

ይህን ካደረጉ በኋላ ፍርሃቱ ፈጽሞ አይጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። ነገር ግን መልክ ይይዛል። “አልችልም” የሚለው ጥቅል ስጋት “የብስክሌት ፍጥነቴ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ይጎድለዋል” ወደሚል፣ በሦስት ወር ልምምድ ሊሞላ ወደሚችል ጉድለት ይለወጣል። ስሌቱ ተሠርቶ ጉድለቱ በጣም ሰፊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በግማሹ ርቀት መጀመር ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ለምሳሌ በሩዋንዳ፣ በኪቩ ሐይቅ ዳር ባለችው ሩባቩ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የግማሽ ርቀት ውድድር ተጀምሯል።

ውኃው

ከሦስቱ ክፍሎች አጭሩ ዋናው ቢሆንም፣ እንቅልፍ የሚነሣው ግን እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። ከፍልውኃ ወዲህና ወዲያ ባሉት ሆቴሎች የምንዋኝ ሰዎች የምናውቀው ገንዳን ነው። ወለሉ ይታያል፤ ዳሩ ቅርብ ነው፤ ከደከመን እንቆማለን። በውድድሩ ቀን የሚጠብቀን ግን ወለል የሌለው ባሕር ወይም ሐይቅ፣ በዚያ ላይ በግራና በቀኝ የሚርመሰመስ የሰው ክንድና እግር ነው።

እኔ ይህን ልዩነት ያወቅሁት ላንጋኖ ላይ ነው። ገንዳ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር መዋኘት ከጀመርኩ በኋላ ስለነበር በራሴ ተማምኜ ገባሁ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። ክንዴን ወደ ፊት ስዘረጋ እስከ ክርኔ ይታየኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እጄ ወተት እንደገባበት ሻይ በሆነው ውኃ ውስጥ ይጠፋል። ከዳር 60 ሜትር ያህል እንደራቅሁ የራሴን መዳፍ ማየት አለመቻሌ በድንገት አስደነገጠኝ፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ደረቴን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ያሰሩኝ መሰለኝ። ያዳነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመግባቴ በፊት አብራኝ የነበረች ወዳጄ “ከፈራሽ በጀርባሽ ተንጋለይና ወደ ላይ እያየሽ ትንፋሽሽን በረጅሙ አውጪ” ብላኝ ነበር። ተንጋለልኩ። እስከ ዐሥር ልቆጥር አስቤ፣ ሰባት ላይ ስደርስ ከዳር የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ ተመልሶ ተሰማኝ። ከዚያ ተገልብጬ ሃያ ጊዜ ቀስ ብዬ ቀዘፍኩ፤ ሃያው ሲያልቅ ሌላ ሃያ።

ያጋጠመኝ ነገር ፈሪነት አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ፊትንና ደረትን በድንገት ሲነካ፣ ወይም ዓይን የለመደውን ሲያጣ፣ አካል በራሱ ትንፋሽን ያሳጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይረጋጋል። አደገኛው ነገር በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ከውኃው ጋር መታገል ነው። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ “ትንፋሼ ካጠረ በጀርባዬ እንጋለላለሁ፤ ዐሥር ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ፤ ከዚያ ሃያ ጊዜ ቀስ ብዬ እቀዝፋለሁ።” ይህን ሳይፈሩም ቢሆን በየልምምዱ አንድ ጊዜ ያድርጉት፤ የሚፈሩ ዕለት አካልዎ መንገዱን ያውቀዋል።

ገንዳ ውስጥም ቢሆን ሐይቁን ወደ ከተማ ማምጣት ይቻላል። የዋና መነጽርዎን ሆን ብለው ውኃ ያስገቡበትና ሳይቆሙ አስተካክለው ይቀጥሉ። የሚጠብቅዎት ሰው ዳር ላይ ቆሞ ሳለ ዓይንዎን ጨፍነው አምስት ስድስት ጊዜ ይቅዘፉ። ሁለት ወዳጆችዎን ለምነው በአንድ መስመር ላይ ሦስት ሆናችሁ ተጠጋግታችሁ ዋኙ፤ ክንድ ፊትን ሲነካ፣ እግር ሲመታ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ድንጋጤ ያስቀራል። ሐይቅ ላይ ግን ምንም ያህል ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆኑ ለብቻዎ ፈጽሞ አይግቡ።

ብዙ ጀማሪዎች የማያውቁት፣ ሲያውቁት ደግሞ ልባቸው የሚያርፍበት አንድ ደንብ አለ፦ በውድድሩ ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞች በትናንሽ ታንኳዎች ይከተላሉ፤ ታንኳው ወደ ፊት እስካልወሰደዎት ድረስ ይዘው ማረፍ ይፈቀዳል፤ ከውድድሩም አያስወጣዎትም። እጅዎን ከፍ አድርገው ይጥሯቸው። እንዲሁም በመነሻው ላይ ከኋላና ከጠርዝ ይቁሙ፤ ከመነሻው በፊት የሚፈቀድ ከሆነም ፊትዎንና አንገትዎን በውኃው ያርጥቡ። ከኋላ በመነሣት የሚጠፉት ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች በሌላ መንገድ የማይገዛ መረጋጋት ይሰጣሉ።

ብስክሌቱና ዝምታው

በአብዛኞቹ ውድድሮች የጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው። ከፊት ያለውን ብስክሌተኛ ተጠግቶ ከንፋስ መከለልም አይፈቀድም፤ ብዙውን ጊዜ 12 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ከራስዎ ጋር ብቻ ይቆያሉ ማለት ነው። ልምምዱን ሁሉ በሙዚቃ የሚያደርግ ሰው ይህ ዝምታ በውድድሩ ቀን እንግዳ ሆኖ ይመጣበታል። ከሳምንቱ ልምምዶች ቢያንስ ረጅሙን ያለ ሙዚቃ ያድርጉት። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቡድን ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ መውጣት ይቻላል፤ ከኋላ የሚከተል መኪና ቢኖር እጅግ የተሻለ ነው። የመንገዱ አደጋ ካሳሰበዎት፣ ሊያሳስብም ይገባል፣ ቤት ውስጥ ብስክሌቱን በማለማመጃ ላይ ገጥሞ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ ሦስት ሰዓት መንዳት ዝምታን ለመልመድ ከየትኛውም ጎዳና አያንስም።

ከብስክሌቱ አጋማሽ በኋላ ክፉ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። “ለምን ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት? ማን አስገደደኝ?” ይላል። እዚህ ላይ ከራሴም ከሌሎችም አይቼ የደረስኩበት እምነት አለኝ፦ ይህ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከልብ የሚነሣ ሳይሆን ከሆድ የሚነሣ ነው። አእምሮ የሚሠራው በስኳር ነው፤ ምግብ ሲያንሰው መጀመሪያ የሚጠቁረው ስሜት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው የደብተር ዐረፍተ ነገር፦ “ልተወው የሚል ሐሳብ ከመጣ እበላለሁ፤ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ምንም አልወስንም።” በረጅም ውድድር በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ምክር ነው፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ስለሚሰጥ መጠኑ ከምናስበው በላይ ነው፤ ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። ጄል የሚባለው፣ በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ዝልግልግ የስፖርት ምግብ የማይስማማው ሰው በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ቴምርና ሙዝ በልምምድ ላይ ሞክሮ የሚስማማውን መለየት ይችላል። ባዶ ውኃ ብቻ ከመጠን በላይ መጠጣት ግን በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ አደጋ ላይ ስለሚጥል፣ ጨው ያለበት መጠጥም ሊኖር ይገባል።

ከዚሁ ጋር የጾም ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚካሄዱ ውድድሮች ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ፤ ረመዳንም ከረጅም ልምምድ ወራት ጋር የሚገናኝበት ዓመት አለ። ጾመኛ ከሆኑ ጉዳዩን ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሃይማኖት መምህርዎ ጋር ወራት ቀድመው ይጨርሱት። ኅሊናው ያላረፈ ሰው በ120ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከአካሉም ከነፍሱም ጋር ሲሟገት ይገኛል፤ ይህን ሸክም ይዞ መሄድ አያስፈልግም።

ጎማ ሊተነፍስ ይችላል። በየሰፈሩ ጎሚስታ ባለበት ከተማ የኖርን ሰዎች ጎማ በራሳችን መቀየርን አንለምድም፤ በውድድሩ ላይ ግን የራስዎን መሣሪያ ይዘው መሄድና ራስዎ መቀየር ይጠበቅብዎታል። ቤት ውስጥ፣ እጅዎ በላብ ወይም በዘይት ርሶ፣ ሃያ ጊዜ ይቀይሩ። ሃያ ጊዜ የቀየረ ሰው ጎማው ሲተነፍስ አይረግምም፤ ወርዶ ሥራውን ይጀምራል።

አንድ ነገር ስለ ከፍታችን ላክል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የለመደ ሰው ባሕር ዳር ሲወርድ ትንፋሹ ይሰፋለታል፤ የመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ይሆንለታል፤ በዚህ ደስ ብሎት ከአቅሙ በላይ ይነዳል፤ ሙቀቱና ወበቁ ከቀትር በኋላ ዋጋውን ያስከፍሉታል። “ቀላል ከሆነልኝ ፍጥነት አልጨምርም” የሚለውን ጽፈው በብስክሌቱ መሪ ላይ ይለጥፉት።

ከጨለመ በኋላ

ማራቶኑ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከ25ኛው እስከ 35ኛው ኪሎ ሜትር ባለው ስፍራ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ የጀማሪው እውነተኛ ፈተና ይመጣል። የተመልካቹ ቁጥር ይሳሳል፤ እግር ይደነዝዛል። እዚህ ላይ የሚሠራው ከርቀቱ ሁሉ አንዲቱን ቁራጭ ብቻ መያዝ ነው። የውኃ ጣቢያዎች በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ገደማ ስለሚኖሩ እኔ ለራሴ የመረጥኩት ቃል “እስከ ውኃው” የሚል ነበር። ማራቶን አልነበረብኝም፤ እስከ ውኃው ብቻ ነበረብኝ። ጣቢያው ሲደረስ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲራመዱ ይወስኑ፤ በዕቅድ የተራመደ ሰው ሲራመድ የተሸነፈ አይመስለውም።

ቃሉ ግን በዕለቱ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። እኔ “እስከ ውኃው”ን የተለማመድኩት በቸርችል ጎዳና አቀበት ላይ ነው። ከሥራ መልስ ደክሞኝ፣ ምሳ ከበላሁ ብዙ ሰዓት አልፎ፣ ከለገሃር እነሣለሁ፤ እስከ ፖስታ ቤት አንድ፣ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ሁለት፣ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሦስት። በአራተኛው ዙር ላይ፣ ጭኔ ሲቃጠልና ታክሲ ይዤ ወደ ቤት ልሂድ የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ ቃሌን ጮክ ብዬ እላለሁ። የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች በንጋት ለሚሮጡም እንዲሁ ነው፤ ቃልዎን የሚናገሩበት ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች እንጂ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ቃሉ ከድካም ጋር ካልተጣመረ በድካም ጊዜ አይመጣም።

ራስን ማበረታታት ላይ እኛ የታደልን ነን፤ “አይዞህ”፣ “አይዞሽ” የሚል ቃል አለን። ለራስዎም ይበሉት፤ በስምዎ ጠርተው፣ እንደ ሌላ ሰው። ለሌላውም ይበሉት። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን ፓውላ ራድክሊፍ ስትዳከም አብራት እንድትቀጥል ስታበረታታት ነበር፤ ያንን ውድድር ያሸነፈችውም ራሷ ደራርቱ ናት። በ30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አጠገብዎ እያነከሰ ለሚሄደው ሰው በማንኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ቢወረውሩ፣ ለጥቂት ደቂቃ የራስዎን እግር ይረሱታል።

መቀጠል የሌለበትን ሁኔታም አስቀድመው ይጻፉ። የደረት ሕመም፣ ራስን ማዞርና ግራ መጋባት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የአረማመድን ሁኔታ የሚቀይር በአንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሕመም፤ እነዚህ ከታዩ ቆመው ሐኪም ይጠራሉ። ይህ በደብተሩ ላይ ሲጻፍ የቀረው ድካም ሁሉ ሊታገሡት የሚቻል መሆኑም አብሮ ይታወቃል፤ ለዚህ ነው ይህ ዝርዝር ወኔን የሚያጠነክረው።

ቤተሰብና ወዳጅ

እናቴ የውድድሩን ርቀት ስትሰማ ያለችኝ “ልጄ፣ ምን በወጣሽ?” ነበር። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ልብ ሲሳሳ የሚታወስ ቃል ነው። ቤተሰብዎን በዝምታ አይለፉአቸው። ስሌቱን ያሳዩአቸው፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች እንዳሉ ይንገሯቸው፣ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆኑ በወረቀት ይስጧቸው። ውድድሩ ቦታ ድረስ አብረው ከሄዱ፣ ምግብ ማቀበልና ጎን ለጎን መሮጥ በደንቡ ስለሚከለከል የሚሰጡት ድምፃቸውን ብቻ መሆኑን ይወቁ። ምን እንዲሉዎት እንደሚፈልጉም ይንገሯቸው። ገና 15 ኪሎ ሜትር ሲቀር “ደረስሽ!” መባል ያናድዳል እንጂ አያበረታም፤ ስምን ጠርቶ “በርቺ፣ እያየንሽ ነው” ማለት ግን ጉልበት ይሆናል። እናቴ በስልክ የላከችልኝን የአንድ ደቂቃ ድምፅ መነሻው ላይ ከመድረሴ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ “ምን በወጣሽ” የምትለው ሴት “አይዞሽ፣ ጨርሰሽ ደውይልኝ” ትል ነበር።

የመጨረሻው ሳምንትና ዕለቱ

ልምምድ በሚቀነስባቸው የመጨረሻ ቀናት ጉልበት ያልነበረበት ሕመም ይሰማዋል፤ ጉሮሮ የሚከረክር ይመስላል፤ በቂ ልምምድ አላደረግሁም የሚል ሐሳብም ይመጣል። ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው። የዚያን ሳምንት ተጨማሪ ልምምድ አቅም አይጨምርም፤ ይልቁንስ ያለፉትን ወራት ማስታወሻ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያንብቡ። በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ ካልመጣ አይጨነቁ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሌሊቶች በደንብ መተኛት የዋዜማውን ይሸፍናል።

በጠዋቱ የሚበሉት፣ የሚለብሱት፣ ከቤት የሚወጡበት ሰዓት ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን። ከዋና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ በሚቀይሩበት ስፍራ ምንም አይጣደፉ፤ ቁጭ ብለው፣ ካልሲዎን አስተካክለው፣ የደብተሩን ቀጣይ ዐረፍተ ነገር በአፍዎ ብለው ይውጡ።

ከጨረሱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ደብተሩን ደግመው ያውጡት። የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልመጣልዎት፣ ያላሰቡት ምን እንዳጋጠመዎት ይጻፉበት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ደስታው አልፎ ባዶነት ቢሰማዎት፣ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት ቢነቁ፣ ከብዙ ወራት ዓላማ የተለየ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነው፤ ተነሥተው ወደ መስቀል አደባባይ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ እዚያ የሚያገኙት አዲስ ጀማሪ ስለ ውኃው ሲጠይቅዎት ደብተሩን ያውሱት።